ዘይት እንዳይነካው

ኖርድሊ፣ ሰሜን ዳኮታ
ጁን 9፣ 1988

ለውድ አጎቴ ለአንፊን፣

እንደምን ከርመዋል? አክስቴ ቬርናስ ሳሏ ሻል አላት? እኔና እማማ ደህና ነን። መልሱን ያዘገየሁት ደህና ወሬ ይዤ ልጽፍልዎ ብዬ ነው። ደህናው ወሬ እንደማይመጣ ሲገባኝ ይኸው ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ስልክም ደውዬ ነበር፤ «ረዥም ወሬ በደብዳቤ ይሁን» ብለው ዘጉብኝ።

ስለ ዝናቡ ለጠየቁኝ፣ አልዘነበም። በሜይ መጨረሻ አንድ ቀን ደመና መጥቶ አቧራውን እንኳ ሳያረጥብ ወደ ሚኒሶታ ተሻገረ። እሑድ ቄሱ የዝናብ ጸሎት ሲያደርሱ ጓደኛዎ ኦርቪል ከኋላዬ ተቀምጦ «ጮክ ይበሉ እንጂ፣ እግዜርም እንደኔ ጆሮው ሳይከብደው አልቀረም» አለ። የሳቀም የተቆጣም ሰው አልነበረም።

አኩሪ አተሩ ግን በቅሏል። የእርስዎ መሬት ድሮም እርጥበት ይይዛል። ያስጨነቀኝ አብሮት የበቀለው አመድማዶ የሚሉት አረም ነው። ቅጠሉ ላይ ያለውን ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ያውቁታል፤ በድርቅ ጊዜ እየወፈረ እንደ ሰም ይሆናል። ውሃ ይዤ ሄጄ ብረጭበት ጠብታው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ መሬት ወረደ። መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው የሚሆነው፤ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል እንጂ ውስጥ አይገባም።

ባለፈው ሳምንት የእርሻ ምርምር ጣቢያው ሰዎች ከሱፍ ፍሬ የተሠራ ዘይት ከአረም መድኃኒቱ ጋር ደባልቀው ሲረጩ አሳዩን። ዘይቱ ያን ሰም ያላላዋል፤ ጠብታው ተዘርግቶ ቅጠሉን ያለብሳል፤ መድኃኒቱም ሰተት ብሎ ይገባል። ከዘይት ጋር ሲሆን ትንሽ መድኃኒት የብዙውን ሥራ ይሠራል አሉ። በሙቀት ጊዜ የአኩሪ አተሩም ቅጠል ሊለበለብ እንደሚችል አልደበቁንም።

መሬቱ የእርስዎ ነው። የአባቴንም ነገር አልረሳሁም። ስለዚህ ሳላስፈቅድ አላደርገውም። ፀሐይ በረድ ሲል፣ ወደ ማምሻው ልረጨው አስቤያለሁ። አመድማዶው የሚያዘው ከጣት ሳይረዝም ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚመልሰው የለም። እባክዎ ፈጥነው ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ቶርዲስ


ሜሳ፣ አሪዞና
ጁን 15፣ 1988

ለልጄ ለቶርዲስ፣

ለእናትሽ ለአስላውግ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቬርና ደህና ናት፤ ዕረፍት ታበዛለች፣ ሌላ ነገር የለም። ሐኪሞቹ ደረቁ አየር ያሽራታል ብለዋል።

ፈጥነው ይጻፉ ስላልሽ ፈጥኜ ጻፍኩ። አይሆንም።

አባትሽ ሲግቫልም እንዳንቺው «ሰዎች አሳዩኝ» ብሎ ነው የተነሳው። እኔና እሱ ያን መሬት አብረን እናርስ በነበረበት በመጨረሻው ዓመት፣ በ1979፣ ከመድኃኒቱ ጋር ዘይት ጨምሮ ረጨ። ሙቀቱ ወፍ ያወርድ ነበር። በማግሥቱ አኩሪ አተሩ ከዳር እዳር የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ነሐስ ቀለም ይዞ አደረ። መንገደኛው ሁሉ መኪናውን እያቆመ ያይ ነበር። ከሳምንት በኋላ አባትሽ ያን ማሳ ገልብጦ ሊያርስ ወጣ፤ ከትራክተሩ ላይ ግን በራሱ እግር አልወረደም። ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሲሞት ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

አሁን አንቺ እዚያው መሬት ላይ ያንኑ ልሞክር ትይኛለሽ። ዘይት የነጋዴ ብልሃት ነው። መድኃኒቱ መድኃኒት ከሆነ አጃቢ ምን ያደርግለታል? እኔና አባትሽ በመኮትኮቻና በጉልበት ያጸዳነው መሬት ነው።

በእኔ መሬት ላይ ዘይት እንዳይነካው። ከአንቺ ጋር ያለን ውል የቃል ውል ነው፤ ቃሌ ይኸው ነው። ሌላውን እንደምታውቂው አድርጊ።

አጎትሽ አንፊን


ኖርድሊ
ጁላይ 3፣ 1988

ለአጎቴ ለአንፊን፣

ለአክስቴ የላክሁላት የሩባርብ ተክል ማርማላታ ደርሷት ይሆን? ስላልጻፉልኝ በመንገድ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ነው።

ቃልዎን ጠብቄያለሁ። ያለ ዘይት፣ መድኃኒቱን በሙሉ መጠኑ ረጨሁ። በማግሥቱ ወጥቼ ሳየው አመድማዶው ፊቱን እንደታጠበ ልጅ ቀና ብሎ ቆሟል። ጥቂት ቅጠል ጫፉ ላይ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ እሱም ዳነ። ደግሜ ረጨሁ፤ ያው ነው። አሁን እስከ ጉልበቴ ደርሷል፤ አኩሪ አተሩ ሥሩ ተደብቆ ብርሃን ይለምናል።

የሚቀጥለውን የምነግርዎ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ነው። ቤታችን ጎን ያለችውን የራሳችንን ቁራጭ መሬት በዘይት ረጨኋት። ከመድኃኒቱም የጨመርኩት ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። አኩሪ አተሩ ተለበለበ፣ አልዋሽዎትም። እንዳሉት ነሐስ መሰለ። እማማ ጠዋት በመስኮት አይታ መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው።

ከዚያ ከመሐሉ አዲስ ቅጠል አወጣ። የተቃጠለው የላዩ ቅጠል ብቻ ነበር፤ ልቡ አልተነካም። ዛሬ ቢያዩት የነደደ ነው አይሉትም። አመድማዶው ግን ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል።

ኦርቪልን ይጠይቁት፣ በየቀኑ በዚያ ያልፋል። አሁን ቢፈቅዱልኝ ዘግይቷል፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። እባክዎ አጎቴ።

ቶርዲስ


ሜሳ
ጁላይ 14፣ 1988

ለቶርዲስ፣

ማርማላታው ደርሷል። ቬርና ሆዷ አልቀበል ስላለ እኔ በላሁት። ደህና ናት።

ጠይቅ ባልሽኝ መሠረት ኦርቪልን ጠየቅኩት። ስለ ቁራጯ መሬትሽ ምንም አላለም፤ እሷ ከመንገዱ ገባ ያለች ናት። ስለ እኔ መሬት የጻፈው ይኸው፦ «አንፊን፣ አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ሳልፍ የአንተን ማሳ አይቼ እቀና ነበር። ዘንድሮ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ልጅቷ ምን እንደነካት እንጃ።»

እኔ በዚያ አገር ያለኝ ስም ያ ማሳ ነው። ሌላ የለኝም፤ ልጅም የለኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በእውነት መልሺልኝ። ዘይቱን ስከለክልሽ እልህ ይዞሽ ሆነ ብለሽ ችላ አልሽው? የራስሽን በዘይት አጽድተሽ የእኔን ለማሳያ ተውሽው?

ፈቃዱን በተመለከተ መልሴ ያው ነው።

አንፊን


ኖርድሊ
ኦገስት 21፣ 1988

ለአጎቴ ለአንፊን፣

መልሴ የዘገየው በቁጣ ጽፌ በቁጣ የቀደድኩት ስለነበረ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህኛው በርዶልኝ የጻፍኩት ነው።

እልህ አልያዘኝም። ጁላይን ሙሉ እኔና እማማ በመኮትኮቻ ስናርም ከረምን። የእማማን የጉልበት ሕመም ያውቁታል፤ ባልዲ ገልብጣ እየተቀመጠች፣ ባልዲውን እየገፋች ነው የሄደችው። አመድማዶው ግንዱ እንጨት ሆኗል፤ መኮትኮቻው ይነጥራል። የደረስንበት ከመሬትዎ እሩቡን አያህልም። ያንን እሩብ ደግሞ ኦርቪል አያየውም፤ ከቤት ጀምረን ወደ መንገዱ ነው የመጣነው፣ ሳንደርስ ቀረን።

እህል መረከቢያው ጋ ስሄድ ወንዶቹ ቡናቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። «ቶርዲስ፣ አመድማዶ ዘንድሮ ስንት ገባ?» ይለኛል አንዱ። «አኩሪ አተርም ዘርታለች አሉ፤ የት እንዳስቀመጠችው ጠፍቷት ነው» ይላል ሌላው። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አጎቴ ዘይት ከለከለኝ ብዬ ለአንድ ሰው አልተናገርኩም። ስምዎን ከመሬቱ ባይሆን ከአፌ ጠብቄልዎታለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ አንድ ልጠይቅ። ቁራጯ መሬት መልሳ ስታቆጠቁጥ እማማ በሩ ላይ ቆማ ስታያት ዋለች። ማታ ራት እየበላን፣ ሳልጠይቃት፣ እንዲህ አለችኝ፦ «አባትሽ ሊያቆየው ፈልጎ ነበር። ‹አስላውግ፣ መሐሉን አይቼዋለሁ፣ አረንጓዴ አለው፣ ትንሽ ቀን ስጡኝ› ሲል ነበር። አጎትሽ ነው ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ ‹የሰው መሳለቂያ ከምንሆን ገልብጠው› ያለው። ሲግቫል ደግሞ ታላቁን እንቢ ብሎ አያውቅም።»

አልከስስዎትም። ያን ቀን እኔ ፋርጎ ከተማ ነበርኩ፣ አላየሁም። እውነት ነው ወይ ብዬ ብቻ ነው የምጠይቅዎ። ያን ማሳ የገደለው ዘይቱ ነው ወይስ ማረሻው?

ለሚመጣው ዓመት ይፍቀዱልኝ። ከእርስዎ መሬት ውጭ ያለችኝ ያቺ ቁራጭ ብቻ ናት፤ በእሷ ሰው አይኖርም።

ቶርዲስ


ሜሳ
ኦክቶበር 30፣ 1988

ለቶርዲስ፣

ዘግይቻለሁ። ቬርናን ሐኪም ቤት ሳመላልስ ነው፤ ምርመራ ነው፣ አታስቢ። ለእናትሽም እንዳትነግሪያት፤ ነገር ታከብዳለች።

የመጣውን የምርት ሒሳብ አየሁት። ስለሱ ምንም አልልም፤ ድርቁ የሁሉም ነው።

መሬቱን ለሚመጣው ዓመት ለዱዌይን ኬተርሊንግ ሰጥቼዋለሁ። ብዙ መሬት የያዘ ሰው ነው፤ ትልልቅ መሣሪያ አለው፤ ማሳው ንጹሕ ነው ይላሉ። ይህን ከሰው አፍ ከምትሰሚ ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። እንደ ልጄ ስለማይሽ ከብዶኛል። ነገር ግን ዝምድና ሌላ፣ እርሻ ሌላ ነው። ገና ወጣት ነሽ፣ ከተማ ሥራ አታጪም።

እናትሽ ተናገረች ስላልሽው ነገር የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ያን ዓመት ብርዱም ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሁሉም ነገር ቸኮለ።

የመኸሩ ሥራ ካለቀ የቤቴን ጣሪያ ለሰው አሳዪልኝ፤ በሰሜን በኩል ያፈስ ነበር።

አጎትሽ አንፊን


ኖርድሊ
ማርች 19፣ 1989

ለአጎቴ ለአንፊን፣

ጣሪያውን አሳይቼዋለሁ፤ ኦርቪልና ልጁ ለጥፈውታል። የገና ካርድ ልኬ መልስ ስላልመጣ አድራሻ ቀይራችሁ እንደሆነ ብዬ አስቤ ነበር።

እኛስ ከርመናል። ትራክተሩንና መርጫውን ቅዳሜ በጨረታ ሸጥን። የአባቴ ትራክተር ስለሆነ እማማ አልወጣችም። ቁራጯን መሬት ጎረቤት ያርስልናል። እኔ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከኤፕሪል እጀምራለሁ። የት እንደሆነ ሲረጋ እጽፍልዎታለሁ።

ለዛሬ ያስነሳኝ ሌላ ነው። ትናንት ኬተርሊንግ ከእህል መረከቢያው በርሜል በርሜል የሱፍ ዘይት ሲጭን አገኘሁት። ለየትኛው ማሳ ነው ብዬ ስጠይቀው «ለሁሉም ነዋ» አለኝ። «የአንፊንን መሬት ዘይት አይነካውም፣ አልነገሩህም?» አልኩት። አየት አድርጎኝ፣ «ሰውዬው አንዴ እንዲህ ያለ ነገር አንስቶ ነበር» አለና በርሜሉን ማንከባለሉን ቀጠለ።

ነግረውታል ወይ? ነግረውትስ ከሆነ ምን አለዎት? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ቶርዲስ


ሜሳ
ኤፕሪል 11፣ 1989

ለቶርዲስ፣

በመጀመሪያ፣ ቬርና ፌብሩዋሪ ውስጥ አረፈች። ሳንባዋ ነው፤ አምና ስትጽፊልኝም ያው ነበረች። እዚሁ ቀበርኳት። ያልነገርኳችሁ ያን ሁሉ መንገድ እንድትመጡ ስላልፈለግኩ ነው፤ ብትመጡ ደግሞ ዓይናችሁን ማየት ይኖርብኝ ነበር። ለእናትሽ አንቺ ንገሪያት። የለቅሶ ካርድ እንዳትልኩልኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ነግሬዋለሁ። ውሉን ሊፈርም እዚህ ድረስ መጥቶ ሳለ፣ እዚያ መሬት ላይ ዘይት አልወድም አልኩት። ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ ሰው በሽማግሌ እንደሚስቀው ነው። «አቶ አንፊን፣ መሬቱን ይስጡኝና የመርጫ ታንከሬን ሆድ ለእኔ ይተዉልኝ። ካልሆነ ሌላ መሬት ሞልቷል» አለኝ።

እኔም ፈረምኩ።

ለምን ብትይኝ፣ ምን ልለው እችል ነበር? ባዳ አይከለከልም። ውል ያሳይሻል፣ ባርኔጣውን አንስቶ ይሄዳል። «ተው» ሲሉት እጁን የሚሰበስብ የራስ ሰው ብቻ ነው። ሲግቫልም እንደዚያ ነበር። አንቺም እንደዚያ ነሽ። ይህን ስድብ አድርገሽ አትውሰጂው።

ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። ስለ ጤናሽና ስለ እናትሽ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው የለም።

አንፊን


ኖርድሊ
ጁላይ 24፣ 1989

ይድረስ ለአቶ አንፊን ሃውግስታድ፣

ስለ አክስቴ ቬርና የሚሰማኝን በሜይ ጽፌልዎታለሁ። እማማ ደህና ናት። ሰላምታ አላከችም።

በጁን መጨረሻ በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ኦርቪል የማሳዎን ፎቶ አንስቶ እንደላከልዎና፣ ከቬርና ወዲህ ደስ ብሎዎት ያደሩት ያን ቀን መሆኑን ነግረውኛል። «ያ አፈር በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሄደሽ እዪው፤ ትማሪበታለሽ» ብለውኛል። ሥራዬንም ጠይቀውኛል። ሁለቱን አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ሄጄ አይቼዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ ከመርጫ መኪናው መቀመጫ ላይ ሆኜ። ከኤፕሪል ጀምሮ የኬተርሊንግን መርጫ የምነዳው እኔ ነኝ።

ዘይቱን የደባለቅኩት በእጄ ነው። መድኃኒቱን ቀንሼ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ገባሁ። ከመንገዱ ጀምሬ ወደ ቤታችን በኩል ሄድኩ። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ትራክተሩን ያቆመበት ቦታ ስደርስ መርጫውን ልዝጋ ወይ ብዬ አሰብኩ። አልዘጋሁትም። ደመወዜ የሚከፈለኝ ለመርጨት ነው።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አኩሪ አተሩ ነሐስ መሰለ። ኬተርሊንግ መጥቶ አየውና «ያገግማል» ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄደ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነው አጎቴ። አንድ ሰው ያገግማል ብሎ ምሳውን መብላት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

አገገመም። አመድማዶው የለም። ኦርቪል ፎቶውን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ትናንት እህል መረከቢያው ጋ ኦርቪል አገኘኝ። «አየሽ የአንፊንን ማሳ? ኬተርሊንግ መሬቱን እንደገና መሬት አደረገው» አለኝ።

«ማን የረጨው ይመስልሃል?» አልኩት።

«ማን?»

«እኔ።»

ቡናውን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያሳዘነው መሰለኝ። «ታዲያ አምና ምን ሆነሽ ነው?» አለ።

«አምናማ ዘመድ ነበርኩ» አልኩት።

ቶርዲስ ሃውግስታድ